ከካራ ከፍ ብሎ

ሚኒባሱ «ካራ! ካራ!» ብሎ ከሚያራግፍበት፣
አስፋልቱም ታክቶት ኮረኮንች ከሚሆንበት፣
ትንሽ ሽቅብ ሲሉ መናፈሻው አለ።
አጥሩ ጽዱን ከቧል፣ ሐውልቶቹን ከቧል፣ ገደሉን ከቧል፤
ጭጋጉን ግን መክበብ አልቻለ።

በሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ፣
ትኬት የምቆርጥ፦
ላዋቂ ሃያ ብር፣ ለልጅ ግማሽ፣
ለሙሽራ እንደ አጃቢው መኪና ብዛት።
ለሙታን ነጻ ነው፤
እነሱ አጥር ሳይኖር ነው የገቡት።

በሻዱ ከሁሉም ትቀድማለች።
ካፖርቷ አረንጓዴ፣ ቦት ጫማዋ የወንድ፣
በግራ እጇ ባልዲ፣ በቀኟ የጥርስ ብሩሽ።
አዎ፣ የጥርስ ብሩሽ፣
ድንጋይ ለመቦረሽ።

ክረምት በገባ ቁጥር ትልቁ ሐውልት ይሸብታል፤
የድንጋይ ሽበት፣ አረንጓዴ ሽበት፣
በተቀረጸው ስም ጉድጓድ ውስጥ ይበቅላል።
የ«መ»ን አንድ ዓይን ይጋርዳል፣
የ«ሐ»ን መካከለኛ እግር ይበላል፣
እስከ መስከረም ካቆዩት
ሙሉ ሰው ይውጣል።

ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ፣ ቬሎና ካሜራ ሳይመጣ፣
ተንበርክካ ትፍቃለች።
አልተማረችም። ይህን እኔ አውቃለሁ፤
ፔሮሉን የማስፈርመው እኔ ነኝ።
አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ፣ ተጭና፣
የተረፈውን በሣር ትጠርጋለች።

ጣት ግን ጣት ነው፤ ሦስት ክረምት ፊደል ላይ ሲመላለስ
ባዶውን አይመለስ።
«ይሄ ቀንዳም ነው» አለችኝ አንድ ቀን፣
«ያኛው ዘንግ ተደግፏል፣ ያቺ ሆዷ ገፍቷል።
ይሄስ፣ በር የሚመስለው?»
«እሱ ‹በ› ነው» አልኳት። «ያንቺም ስም በሱ ነው የሚጀምረው።»
ምንም አልመለሰች።
ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ነከረች፣
ከዚያ በዚያ በር ገባች።

መጀመሪያ ያነበበችው ቃል «ጀግና» አልነበረም፤
«ሀገር»ም፣ «ክብር»ም አልነበረም።
ከላይ እስከ ታች የተደጋገመ፣
ስም ለጠፋለት ሁሉ በስም ምትክ የተሰጠ፣
እጇ አምሳ ሰባት ጊዜ የዳሰሰው ቃል ነው፦
ያልታወቀ።
ያልታወቀ።
ያልታወቀ።

«እንዴት አልታወቁም?» ብላ ሳቀች።
«ይሄ ጠርዙ የተሸረፈው ነው፣
ይሄ ቀንድ አውጣ የሚወደው፣
ይሄ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብቻ ፀሐይ የሚያገኘው።»

አበባ መደብ ቁጥር ሰባት
መናፈሻው ሳይመጣ የአባቷ የሮባ ማሳ ነበረ።
ካርታው ይህን አይልም። አፈሩ ግን አልረሳም፤
በየጳጉሜው ከጽጌረዳው መሀል
ሰባት ስምንት አገዳ ብቅ ይላል፣ ጢሙን አቁሞ፣
ትኬት ሳይቆርጥ።
ኃላፊው አቶ ምትኩ በዣንጥላው ጫፍ ነካ አደረገና
«ይሄ ያልታወቀ ሣር ይነቀል» አለ።

ቃሉን ስትሰማ ቀና አለች።
ጉልበቷ ላይ ጭቃ ነበረ።
«ያልታወቀ አይደለም፤ ገብስ ነው» አለች፣
«የሮባ ገብስ።»
እሱ ሰዓቱን አየ፣ ዝናቡም መጣ፣
ነገሩ እንዲሁ ቀረ። እኔም አልጻፍኩትም።

ደመወዝ ቀን ፔሮሉን ዘረጋሁ፣
የቀለሙን ቆርቆሮ ከፈትኩ።
አውራ ጣቷን አላወጣችም። እስክሪብቶዬን ተቀበለች፣
ምላሷን ነክሳ፣ ደቂቃ ያህል፣
ወረቀቱን ልትቀድ ደርሳ፣
ከስሟ ትይዩ
አንድ በር ሠርታ
ክፍቱን ትታው ሄደች።